በድንበሩ ላይ ያደረው ሰው

ሸምሱ ማረፉን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እሑድ ነበር፤ ስልኬን ቤት ትቼ ወደ ጸሎት ቤት ሄጄ ወደ ወልቂጤው ቤቴ ስመለስ ከቡታጅራ ሰባት ጊዜ ተደውሎልኝ አገኘሁ። መልሼ ስደውል ያነሳችው ልጁ ራሕማ ናት። «አባባ፣ አባዬ ሄደብን» አለችኝ። ከዚያም እንዳልቀየማት የሰጋች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በእኛ ሃይማኖት ማቆየት አይቻልም፤ እስከ ዙሁር፣ እስከ እኩለ ቀን ሶላት ድረስ ግን ጠብቀንዎት ነበር» አለች። ምን ብዬ እንዳጽናናኋት አላስታውስም። ምናልባት እርሷ ትሆናለች እኔን ያጽናናችኝ።

በሥራ ዘመኔ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ሰው ስላለፈ ነገር የሚናገረውን ሁሉ ከማመናቸው በፊት ደግመው እንዲመረምሩ ተማሪዎቼን ስመክር ኖሬአለሁ። የራሴን ትውስታ ግን ከዚህ ምክር ውጭ አድርጌው እንደነበር ያሳየኝ ሸምሱ ነው፤ ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ብስክሌት ጠጋኝ። ስለዚህ ስለ እርሱ የምጽፈውን አንባቢ በጥንቃቄ እንዲቀበለኝ እለምናለሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እርግጠኛ አይደለሁም እላለሁ።

የተዋወቅነው ቡታጅራ ሳስተምር ነው። አንድ ቀን የብስክሌቴ የኋላ ጎማ ተንፍሶብኝ እየገፋሁ ከገበያው በላይ ወዳለችው የቆርቆሮ ሱቁ ገባሁ። የወጋው ሚስማር ጎማው ላይ እንደተሰካ ይታያል። ሸምሱ ሚስማሩን ነቀለ፣ ቀዳዳውን ለጠፈ፤ ከዚያም ጨርሷል ስል ካላማዳሪያውን፣ የውስጡን ጎማ፣ በአየር ሞልቶ ሳፋ ውሃ ውስጥ ስንዝር በስንዝር እየነከረ ዙሪያውን መመልከት ጀመረ። ክፍል የምገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

«ቀዳዳው ተገኝቷል እኮ» አልኩት።

«አንዱ ተገኝቷል» አለኝ ቀና ሳይል። «ሰው የሚታለለው አንዱን ሲያገኝ ነው፣ መምህር።»

ሁለተኛ ቀዳዳ ነበረ። ነበረ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ለሰው የማወራው። አሁን ሳስበው፣ ታሪኩ እንዲያምር እኔ የጨመርኩት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ቀና ሳይል መናገሩን ግን አልጨመርኩም።

አጭር፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር። የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር በወጣትነቱ የብስክሌት ካቴና ነጥቆታል። ሰው ሲያዳምጥ ጎማ የሚያሽከረክር ይመስል መዳፉን ጉልበቱ ላይ ያዞር ነበር፤ መዳፉ ሲቆም የሰማውን አልተቀበለውም ማለት ነው። አማርኛው የመስቃን ቃና ነበረው፤ «አንቱ» የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የወረዳውን ሹም፣ እኔን፣ ጎማ ሊያስነፋ የመጣን ተማሪ ሁሉንም እኩል «አንተ» ይል ነበር። ማንም ተቀይሞት አላየሁም።

ባለቤቱ ዘይነባ የተወለደችው ከጉራጌ ተራራ ማዶ፣ በምዕራቡ ቁልቁለት ላይ ካለ መንደር ነው። የመንደሩን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ነገሩ ገና አላለቀምና። ታችኛው መንደር እለዋለሁ። ዘይነባ ቡታጅራ አርባ ዓመት ስትኖር የቧንቧውን ውሃ አልወደደችውም። ብርጭቆዋን ባነሳች ቁጥር፣ «ይሄ ውሃ ነው እንዴ? የእኛን ምንጭ ብታዩት!» ትላለች። ሸምሱም፣ «ሴትዮ፣ ስታገቢኝ ምንጩን ተሸክመሽ ብትመጪ ኖሮ እኔም ከጭቅጭቅ በዳንኩ» ይላታል። ይህን ጨዋታ በቤታቸው ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር አልችልም።

እኔ በጉልምስናዬ ስለዚያ አገር አንድ መጽሐፍ ጽፌአለሁ፤ በድሮ ዘመን በተራራው ምዕራብ ቤትን ከቤት፣ መንደርን ከመንደር ስለለዩት ድንበሮች። ለሸምሱም አንድ ቅጂ ሰጥቼው ነበር። ብዙ ዓመት ሱቁ ውስጥ ከማስቲሽ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ አይቼዋለሁ፤ አንብበው ብዬ አላስጨነቅኩትም። ዘይነባ ስትሞት ግን አወጣው። የእርሷ አገር ስም ያለበትን ገጽ ፈልጎ ሲያነብ፣ በታችኛውና በላይኛው መንደር መካከል ያለው ድንበር ከምንጩ በታች ያልፋል የሚለውን አገኘ። እንዲህ ከሆነ ምንጩ የላይኛው መንደር ነው።

ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«መምህር፣ ዘይነባ ናት የዋሸችው ወይስ መጽሐፍህ?»

እኔም መጽሐፉ በብዙ ምርመራ እንደተጻፈ፣ ሰው ደግሞ የልጅነቱን ነገር እንደሚያሳምር በዝግታ አስረዳሁት። መዳፉ መቆሙን በስልክም ያየሁ ያህል ተሰማኝ።

በዚያ ገጽ ምን እንደተደረገ ያኔም አውቅ ነበር። ሁለቱ መንደሮች በውሃው ሲጣሉ አንድ የተማረ ሰው ገጹን በሽማግሌዎች ፊት አንብቦታል፤ ክርክሩም በዚያው ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ የታችኛው መንደር ሴቶች ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ እየቀዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ይወጣሉ። ይህን ስሰማ የሴቶቹ ዳገት አልታየኝም። መጽሐፌ ጠብ አበረደ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሸምሱ ከሐዘኑ ሲነሳ ብስክሌቱን አዘጋጀ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለጭነት መኪና ከሚሆን ሸራ ድንኳን ሰፋ፤ ሁለት ቀርከሃ ለምሰሶ ቆረጠ፤ ዳቦ፣ ቆሎና ቴምር ያዘ። ብቻውን ተራራውን አቋርጦ ያን የድሮ ድንበር ከዳር እስከ ዳር ሊያየው ነው። ራሕማ ብታለቅስ፣ «አባቴ ጠፋ እንዳትዪ፤ አባቴ የእናቴን ቃል ሊያጣራ ሄደ በይ» አላት። ቢያንስ እርሷ የነገረችኝ እንዲህ ነው። ለእኔ ደውሎ መንገዱን ሲጠይቀኝ፣

«የአማቾችህ ቤት እያለ ድንኳኑ ለምን አስፈለገህ?» አልኩት።

«ከአማቾቼ ቤት ካደርኩ የእነሱ ሰው ነኝ። ከላዮቹ ቤት ካደርኩ የላዮቹ ሰው ነኝ። ድንበሩ ላይ ካደርኩ የማን ሰው ይሉኛል?»

«እብድ ነው ይሉሃል።»

«ይበሉ! እብድን ማንም የእኔ ነው አይልም።»

ስድስት ሌሊት ውጭ አደረ። ተራራው ላይ ሁለት ቀን ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ፤ ጉሙ መሪውን እንኳ የማያሳይ ነበር። ስለዚያ መንገድ ብዙ አልነገረኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን፣ «ሁለት ቀን ሰው አላገኘሁም። ከዘይነባ ጋር እያወራሁ ሄድኩ። በሕይወቷ እንደዚያ ሳላቋርጣት ሰምቻት አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ተነስቶ የማያስፈልግ ፓምፕ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ቆየ።

በሦስተኛው ቀን ከሁለቱ መንደሮች መገናኛ ደረሰና ድንኳኑን ጀፎረው ላይ ተከለ። ጀፎረ በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ግራና ቀኝ የሚቆሙለት፣ ሰፊና ሣር የለበሰ የጋራ አደባባይ ነው፤ ማንም ሊያጥረው፣ ማንም ሊሠራበት አይችልም። ሸምሱ ይህን ያጣዋል ብዬ አልገምትም። ድንኳን ግን ቤት መስሎ አልታየውም ነበር። ወዲያው ሽማግሌዎች መጡ። ሲነግረኝ አንድ ጊዜ ሦስት፣ ሌላ ጊዜ አምስት ነበሩ። አንደኛው ሸራውን በዱላው ነካ አድርጎ፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ድንኳን ነው፣ አባቴ።»

«ምሰሶ አለው?»

«ሁለት ቀርከሃ አለው።»

«ምሰሶ ካለው ቤት ነው። ጀፎረ ላይ ቤት አይሠራም።»

«ሲነጋ የሚነሳ ነገር ቤት ይባላል?»

«አጥሩን ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሁሉ ሲነጋ አነሳዋለሁ ነው የሚለው። ደግሞስ ቤት የለንም? የሚበላ የለንም? በደጃችን እንደ ከብት ውጭ የምታድረው ምን በድለንህ ነው?»

ሸምሱ ቀርከሃዎቹን ነቅሎ ጣለ፤ ሸራውን ከብስክሌቱ መሪና ከኮርቻው ላይ አሰረው። «ይኸው ምሰሶ የለውም» አለ። ሽማግሌዎቹ ብስክሌት ምሰሶ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ከልብ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ጎማ ያለው ነገር ምሰሶ አይባልም» ብሎ ፈረደና ሳቅ ሆነ። ከብቶቹ ሳይወጡ በየማለዳው ሸራውን እንዲያጥፍ ተስማሙ።

ያላሳቀው ነገር ምግቡ ነው። ከላይም ከታችም ቆጮና አይብ ይዘው መጡ፤ ሁሉንም እያመሰገነ መለሰ። በአገራችን የቀረበን ምግብ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የዘይነባ ወንድም አወል ከታችኛው መንደር ወጥቶ ፊቱ ቆመና፣ «እህቴን ወስደህ ቀበርክ። አሁን ደግሞ ቤቴን ተጸየፍክ?» አለው። ሸምሱም፣ «ቤትህን አልተጸየፍኩም። ስመሰክር የበላበትን ነው የሚያወራው እንዳይሉኝ ነው» አለ። አወል ወደ መንደሩ ወረደ። ሦስት ቀን ሙሉ የሚስቱን የትውልድ ቤት ጭስ እያየ ቆሎውን በላ።

በሦስቱ ቀናት ያደረገው ይህ ነው። የላይኛውን መንደር ትልቁን አዛውንት፣ ዓይናቸው ሊጠፋ የደረሰውን ሰው፣ እና ከታችኛው መንደር አንድ የዕድሜ እኩያቸውን ጠርቶ ድንበሩን ጎን ለጎን አስኬዳቸው። የላይኛው አዛውንት የብስክሌቱን ኮርቻ ይዘው፣ እርሱ መሪውን እየገፋ። የድንበሩ ድንጋዮች ለቤት መሠረት ተለቅመው አልቀዋል። አዛውንቱ ግን በእግራቸው መሬቱን እየዳበሱ፣ «እዚህ አንድ ነበረ» ይላሉ፤ የታችኛው ሰው፣ «ነበረ» ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ መስመሩ ከምንጩ በላይ አለፈ። ምንጩ የታችኛው መንደር ነው። ዘይነባ አልዋሸችም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገርክም?» ብሎ ሸምሱ ጠየቃቸው።

«ማን ጠየቀኝ? ያ መምህር ሲመጣ የጠየቀው ያረፈበትን ቤት ጌታ ነው። እኔ በረት ውስጥ ነበርኩ» አሉት።

ሸምሱ በሰባተኛው ቀን ወልቂጤ እኔ ቤት ደረሰ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነበር። ውሃ ጠጣ፣ እግሩን ታጠበ፣ ከዚያ ተቀመጠና፣

«መምህር፣ መጽሐፍህ የሰው ውሃ ወስዷል» አለኝ።

እንደነገረኝ፣ የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች ነገሩን እንደገና ሊሰሙ ፈቅደዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ምስክሩ ሸምሱ ሲቆም መጽሐፉን የጻፈውም ሰው አጠገቡ እንዲቆም። የተጻፈ ቃል በዚያ ሸንጎ ተነቧልና ጻፊው ሳይመጣ ሌላ ቃል አንሰማም ብለዋል።

«ግን እኮ የታቾቹንም ጠይቄአለሁ» አልኩ። «ወርጄ ነበር። አንድ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ አነጋግሬአለሁ፤ ደጃፉ ላይ ግራጫ በቅሎ ታስራ ነበር።»

መዳፉ ጉልበቱ ላይ ቆመ። «እንግዲያው ማስታወሻህን ፈልግ» አለ።

ማስታወሻውን በዚያው ሳምንት አገኘሁት። በገዛ እጄ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ «ዝናቡ አላቆመም። ወደ ታች አልወረድኩም። አስተናጋጆቼ የታቾቹም ቃል ይኸው ነው ብለውኛል።» ሦስት ቀን በላይኛው መንደር ጥሩ ክትፎ እየበላሁ፣ ተነስቼ ብሄድ ያስቀይማል እየተባልኩ ከአንድ ቤት ሳልወጣ ድንበር ጽፌአለሁ። ሆኖም ያ አንድ ዓይና ሽማግሌ ዛሬም ይታየኛል፤ የበቅሎዋን የልጓም ቆዳ እንኳ አስታውሳለሁ። ከየት እንደመጡ አላውቅም። ወረቀቱን ልመን ወይስ ዓይኔን እያልኩ ጊዜ ፈጀሁ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ እፍረት ነበር፤ መጽሐፉ ስሜን ያስጠራ ነገር ነበረና።

ሸምሱ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ ይደውል ነበር።

«ተገኘ?»

«እየፈለግሁ ነው።»

«አንተ ከምትፈልገው እኔ መጥቼ ብፈልግልህ ይሻላል።»

አንድ ቀን፣ ነገሩ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ፣ ስህተት ሊኖርም ላይኖርም እንደሚችል ሳብራራለት አቋረጠኝ። «እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ‹ሊሆን ይችላል› ብላችሁ እስክትጨርሱ ሴቶቹ ስንቴ ዳገቱን ወጡት?» አለ። ወዲያው ደግሞ የተናገረው ከብዶት፣ «በል ጤናህን ጠብቅ» ብሎ ዘጋው።

በክረምቱ የላይኛው መንደር አዛውንት ሞቱ። ሸምሱ ደውሎ፣ «አሁን ከታቾቹ ሌላ ያየሁት እኔ ብቻ ቀረሁ» አለኝ። በሚቀጥለው ወር እንሄዳለን አልኩት። በሚቀጥለው ወር ብርድ መትቶኝ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተበላሸ አልኩ፤ ተበላሽቶም ነበር። እንዲህ እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውልልኝ ደረቱን እያፈነው ነበር። ስለ ማስታወሻው ከጠየቀኝ ዛሬስ «አገኘሁት» እለዋለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም። «ወልቂጤ ውሃ ይመጣላችኋል?» አለኝ። በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ ነገርኩት። «አልሐምዱሊላህ፤ እሱም ጥሩ ነው» አለ። ካልጠየቀኝ ምን ቸገረኝ ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ያን ዝምታ ከሁሉ ነገር በላይ በእርግጠኝነት አስታውሰዋለሁ።

ቡታጅራ ሄጄ ራሕማን ካጽናናሁ በኋላ በሳምንቱ መኪና ተኮናትሬ ወደዚያ አገር ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም መንደር ተሰብስበው ጠበቁኝ። ቆሜ ማስታወሻዬን አነበብኩ። «ወደ ታች አልወረድኩም» የሚለውን ደግሜ እንዳነብ ጠየቁኝ፤ ደገምኩት። የሸንጎው መሪ የላይኛው መንደር ሰው ናቸው፤ ረጋ ብለው፣

«ታዲያ መምህር፣ ድንበሩ ከምንጩ በላይ ነው ወይስ በታች?» አሉኝ።

«አላውቅም። ሸምሱ በላይ ነው ብሎኛል።»

«እርስዎ አብረው ሄደው አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«እኛ ያየውን ሰው ነው የምንሰማው። ሸምሱ ያየውን ሸምሱ ቢነግረን ደስ ባለን ነበር።»

ተመካከሩ። የመጽሐፉ ቃል ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሸንጎ እንዳይጠቀስ ወሰኑ። ድንበሩን በተመለከተ ግን የታቾቹ ምስክር ለራሳቸው ወገን የቆሙ ናቸው፤ የላዮቹ አዛውንት በሕይወት የሉም፤ ወገን ያልነበረው ሸምሱም የለም። እንደገና የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል፤ እስከዚያ ነገሩ ባለበት ይቆያል። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ምንም ልከራከርበት የምችለው ነገር አላገኘሁም።

አወል ከመካከላቸው ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። «ሰውየው ዓመት ከመንፈቅ እርስዎን ሲጠብቅ ነበር፣ መምህር» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ መኪናው ስሄድ ከወንዙ የምትወጣ አንዲት የታችኛው መንደር ሴት ቢጫ ጀሪካኗን መሬት አውርዳ ትንፋሽዋን ትሰበስብ ነበር። ስብሰባውን ሰምታ ኖሮ፣ «አባቴ፣ ምን ተባለ?» አለችኝ። ነገርኳት። አሳጥሬ፣ አንዲትም «ሊሆን ይችላል» ሳልጨምር ነገርኳት።

«እሺ» አለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጎንበስ አለችና፣ «እስቲ ያሸክሙኝ» አለችኝ።

በሁለት እጄ አነሳሁላት። ከገመትኩት በላይ ይከብድ ነበር።